ጋሽ ሳህሉ የተረኩት «ፋኖሱ»

ዛሂራ ጌም የለመደችው ሆሳዕና መናኸሪያ አጠገብ፣ ከአንድ ልብስ ሰፊ ሱቅ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ክፍሏን የተከራዩት ጋሽ ሳህሉ የሚባሉ አስተማሪ ነበሩ። ከሥራ ሲወጡ በአንድ ቴሌቪዥንና በአንድ ፕሌይስቴሽን የሰፈሩን ልጆች ያጫውታሉ።

አብዛኛው ልጅ የሚመጣው ለኳስ ነው። ዛሂራና የጎረቤቷ ልጅ ነህምያ ግን ሌላ ዲስክ ነበራቸው። የእንግሊዝኛ ስሙ ረጅም ስለሆነባቸው «ፋኖሱ» ነበር የሚሉት። አንድ ሰው ፋኖስ ይዞ በጀልባ ከደሴት ደሴት ይዞራል። ምን እንደሚፈልግ የሚገልጸው ጽሑፍ ከስክሪኑ ግርጌ ብቅ ይልና ልጆቹ ፊደሉን ሳይለዩት ይጠፋል።

ጋሽ ሳህሉ ከኋላ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ይተርኩላቸው ነበር።

«እህቱን ሽፍቶች ወስደውበት ነው» ይላሉ። «አሁን እኚህን ሽማግሌ አይተዋት እንደሆነ እየጠየቃቸው ነው። አላየሁም አሉት።»

እህቱ ያልተገኘች ቀን ዛሂራ ቤቷ ገብታ እራት አይበላላትም ነበር። በመጨረሻው ደሴት ላይ ነጭ የለበሰች ሴት ወደ ባሕሩ ዳር ትወርዳለች። ሰውየው እጇን ይዞ ወደ ጀልባው ያስገባታል፤ ጀልባውም ይሄዳል። ኳስ ለመጫወት ወረፋ የሚጠብቁት ልጆች ሳይቀሩ ያጨበጭባሉ።

ከዓመታት በኋላ ጋሽ ሳህሉ ወደ ዱራሜ ተዛወሩ። ክፍሏም የሞባይል መሸጫ ሆነች።

በ2007 ዓ.ም. ዛሂራ ፎቶ ቤት ትሠራ ነበር፤ ነህምያ ደግሞ ኮምፒውተር ይጠግናል። አንድ ቀን ሱቁ ጠራትና ከኢንተርኔት ያገኘውን አሳያት። ጨዋታውን በልጅነታቸው የወደዱ ሰዎች ከየአገሩ ተሰባስበው፣ ያለምንም ክፍያ፣ ዛሬ ጌሞች በሚሠሩበት፣ ኢንጂን በሚባል አዲስ ፕሮግራም ላይ እንደገና እየሠሩት ነበር። ደሴቶቹን፣ ባሕሩን፣ የፋኖሱን ብርሃን ሳይቀር ከባዶ ነው የሚሠሩት።

«ዛፍ የሚሠራላቸው ሰው ይፈልጋሉ» አላት ነህምያ። «አንቺ ደግሞ ፎቶ ቤት ባለው የሥዕል ፕሮግራም ስትሞክሪ አይቻለሁ።»

ዛሂራ ዛፎቹን ሠራች። እንሰት መሰሉብሽ ብሎ ነህምያ ቢስቅባትም ሰዎቹ ወደዷቸው። ኔትወርኩ ቀርፋፋ ስለነበር አንድ ፋይል ለመላክ ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ መብራት ከሄደ ደግሞ እንደገና መጀመር ነው። ቢሆንም ሁለቱም ደስ ብሏቸው ነበር። ጨዋታውን ወደ አማርኛ እንተርጉመው ሲሉም ሰዎቹ ተስማሙና የጨዋታውን ጽሑፍ በሙሉ ላኩላቸው።

ዛሂራ የመጀመሪያውን ገጽ አነበበች። ሁለተኛውንም አነበበች።

«ነህምያ፣ እህት የሚል ነገር የለም።»

«እንዴት?»

«ሰውየው የንጉሡ ወታደር ነው። ከእስር ያመለጠች ሴት ነው የሚያሳድደው። መጨረሻ ላይ እጇን የሚይዛት ሊያስራት ነው።»

ነህምያ ራሱ አነበበው። እውነቷን ነው። ያጨበጨቡለት ነገር ያ ነበር። ዛሂራ የሆነ ሰው የሞተባት ያህል ከፋት፤ ለጨዋታ እንዲህ መሆኗ ደግሞ አሳፈራት።

በማግስቱ በአንጋጫ በኩል ዱራሜ ሄዱ። ጋሽ ሳህሉ ፀጉራቸው ሸብቷል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ገነቴ ቆጮ በአይብ አቀረቡላቸው። ዛሂራ እየተጠነቀቀች የመጡበትን ነገር ነገረቻቸው።

ጋሽ ሳህሉ ፈገግ አሉ። «አውቃለሁ።»

«መቼ አወቁ?»

«መጀመሪያ ላይ ጽሑፉ ይፈጥንብኝ ነበር። መፈለግ የሚል፣ ሴት የሚል፣ ጀልባ የሚል ቃል ያዝኩና ቀሪውን ገመትኩ። በኋላ ብቻዬን ሆኜ እያቆምኩ በመዝገበ ቃላት ሳነበው ነው የገባኝ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩንም?»

«ልነግራችሁ ነበር። በነጋታው ገና ከበር ስትገቢ፣ ‹ጋሼ፣ ዛሬ ያገኛታል?› አልሽኝ። ምን ልበልሽ ልጄ?»



«እርስዎ እንደነገሩን አድርገን እንተርጉመው?» አለ ነህምያ።

«በፍጹም» አሉ ጋሽ ሳህሉ። «ሰዎቹ የጻፉትን ተርጉሙ። የሰው ሥራ ነው።»

«እንግዲያው የእርስዎን ለብቻው በድምፅ ይስጡን» አለች ዛሂራ።

አይሆንም፣ ድምፄ ደክሟል፣ ማን ይሰማዋል ብለው ተከራከሩ። ወይዘሮ ገነቴ ግን፣ «ለእኔም ተርከህልኝ አታውቅም፤ ሂድ» አሏቸው።

የጨዋታውን ሥራ የሚያስተባብረው ሰው ሐሳቡን ሲሰማ አልተቃወመም። በአዲሱ ኢንጂን ላይ ትረካ መጨመር ቀላል ነው፤ የፈለገ የዋናውን ጽሑፍ ያነባል፣ የፈለገ የጋሽ ሳህሉን ይሰማል አለ። ጋሽ ሳህሉ ሆሳዕና መጥተው ነህምያ ሱቅ ውስጥ ቀረጹ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ ያቆማሉ፤ ሲያባራ ከተዉበት ይቀጥላሉ። እህቲቱ ከተገኘችበት ቦታ ሲደርሱ አቁመው ውሃ ጠየቁ።

ጨዋታው ያለቀው በሚቀጥለው ዓመት ነው። በአንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሦስቱ ሱቁ ውስጥ ተሰበሰቡ። ባሕሩ አሁን እውነተኛ ውሃ መስሎ ይንቀሳቀሳል። የዛሂራ ዛፎች በነፋስ ይወዛወዛሉ። ጋሽ ሳህሉ ወደ ስክሪኑ ተጠግተው አዩት።

«እኔኮ ተጫውቼው አላውቅም» አሉ። «ወረፋው የእናንተ ነበር።»

ዛሂራ መጫወቻውን ሰጠቻቸውና የትኛውን እንደሚጫኑ አሳየቻቸው። የወታደሩን እውነተኛ ታሪክ ክፈቱልኝ ስላሉ እሱን ከፈቱላቸው። ወታደሩን ይዘው ከመጀመሪያው ድንጋይ ላይ ባሕር ውስጥ ገቡ። እንደገና ሞከሩ፤ እንደገና ገቡ። ነህምያ ሳቁን መያዝ አቃተው፤ እሳቸውም አብረው ሳቁ።

«ይቺ ሴት አምልጣ ብትቀር ደስ ይለኛል» አሉ፤ ለሦስተኛ ጊዜ ሲሰጥሙ።

ወደ ማምሻው የመጨረሻው የዱራሜ ሚኒባስ እንዳያመልጣቸው ሸኟቸው። ዛሂራ ጨዋታውን በፍላሽ ገልብጣ ሰጠቻቸው። ጋሽ ሳህሉ አመስግነው በውስጥ ኪሳቸው ከተቱት። ቤታቸው ኮምፒውተር እንደሌለ ሦስቱም ያውቁ ነበር።