የሎርነክ ገዳም በር

የሎርነክ ገዳም በአለቱ አናት ላይ ከቆመ ዘጠኝ መቶ ዓመት ሊሞላው ነው። ሁለት ጊዜ ተቃጥሏል። አንዴም የባቫሪያ ሹሞች መነኮሳይያቱን አባረው ደወሉን ሳይቀር ሸጠውባቸዋል። እነሱ ግን ተመልሰው ገቡ። ለእማሆይ አፍራ ከዚህ ሁሉ ታሪክ የሚበልጥባቸው ሠላሳ አንድ ዓመት የጠበቁት በር ነው። ልመንኩስ ብላ የመጣች ሴት እዚያ በር ላይ አራት ቀን በተከታታይ ታንኳኳለች፣ አራት ቀን ሂጂ ትባላለች፣ በአምስተኛው ይከፈትላታል። የመስፍን ልጅ ሳትቀር በረዶ ላይ ቆማ ጠብቃለች። እማሆይ አፍራም በሃያ ሁለት ዓመታቸው ደረጃው ላይ ተቀምጠው አልቅሰዋል፤ እስከ ዛሬ ሲያወሩት ደስ ይላቸዋል።

አሁን የቀሩት አራት አሮጊቶች ናቸው። ጳጳሱ ቁርጡን ነግረዋቸዋል፤ የዘንድሮ ወይን ተለቅሞ እስኪያልቅ አንዲት አዲስ ሴት ካልገባች ገዳሙ ይዘጋል፣ እነሱም ሸለቆው ውስጥ ወዳለው የአረጋውያን መጦሪያ ይወርዳሉ። እማሆይ አፍራ ደግሞ እዚሁ አለት ላይ ኖረው እዚሁ ሊሞቱ ቃል ገብተዋል። የመውረድ ነገር ከተነሳ እህል አይወርድላቸውም።

ለቀማው ሊጀመር ባለበት ሰሞን ገርሊንደ መጣች። ከግርጌው መንደር ናት፤ አርባ አንድ ዓመቷ፣ ሥራዋ ፎርማጆ መሥራት። መመንኮስ እንደምትፈልግ ስትናገር የእማሆይ ልብ በደስታ ዘለለ። ፊታቸውን ግን እንደ ደንቡ አኮሳተሩ።

“እዚህ ለአንቺ የሚሆን ቦታ የለም። ሂጂ።”

ገርሊንደ ስላስቸገረች ይቅርታ ጠይቃ ወረደች። እማሆይ በማግስቱ ክፍል ጠርገው፣ አንሶላ አንጥፈው፣ ቁልፉን ጨብጠው ከበሩ ጀርባ ተቀመጡ። ማንም አልመጣም። በሦስተኛውም በአራተኛውም ቀን ዝር ያለ የለም።

እመምኔት ሉትጋርድ ነገሩን ሲሰሙ ራሳቸውን ያዙ።

“ተመልሳ እንድትመጣ አልነገሯትም?”

“ይሄ ይነገራል እንዴ? ለእኔስ ማን ነገረኝ?”

“እርስዎማ አክስትዎ እዚሁ መነኩሴ ነበሩ። ወሬውን ከጡት ጋር ነው የጠቡት። እሷ በምን ታውቃለች?”

እማሆይ አፍራ በዚያ በአራት ቀን ለቅሶ ሲኩራሩ ኖረዋል፤ በአምስተኛው እንደሚከፈትላቸው ግን ያኔም ያውቁ ነበር። አፈሩ። ከዘራቸውን አንስተው ወደ መንደሩ የሚያወርደውን አራት መቶ ደረጃ ወረዱ።

ገርሊንደ በሯን ስትከፍት ሽርጧ በአጓት ርሷል። እማሆይ ደንቡን አስረዷት፣ ይቅርታም ጠየቁ።

“እማሆይ፣ እኔን በሕይወቴ ሂጂ ያለኝ ሁሉ የምሩን ነበር። የእርስዎን በምን ልለየው?” አለችና ዘጋች።

በማግስቱም ወረዱ፤ ወተት ጥጃለሁ ተባሉ። በሦስተኛው ቀን ዝናብ ነበር፤ ገርሊንደ በመስኮት አይታቸው መጋረጃውን ሳበች። ፖስተኛው ፎርማጆ አማረዎት ወይ ብሎ ቢቀልድባቸው፣ የምፈልገውስ ሠሪዋን ነው አሉት። ሽቅብ ሲመለሱ በየሃያው ደረጃ እየተቀመጡ ነው። ዳገቱ ላይ ለቃሚዎቹ የመጨረሻዎቹን መደዳዎች ይዘዋል።

በአራተኛው ቀን ገና አንዴ ሲያንኳኩ ገርሊንደ ከፈተች።

“ነገም ሊመጡ ነው?”

“ነገም።”

“በዚህ ጉልበትዎ?”

“ጉልበቴማ ተይ ይለኛል። እሱንም አልሰማሁት።”

ገርሊንደ ሳትፈልግ ሳቀች። ከዚያ ዓይኗ እንባ ሞላ። ሂጂ ካላት በኋላ ተመልሶ የፈለጋት ሰው ኖሮ አያውቅም።

“እሺ ብል በር ላይ ስንት ቀን ሊያቆሙኝ ነው? የጳጳሱን ቁርጥ መንደሩ ሁሉ ሰምቷል፤ ወይኑ እንደሆነ ነገ ያልቃል።”

እማሆይ በጣታቸው ቆጠሩ።

“አንድ ቀን አንቺ አንኳኳሽ። ሦስት ቀን እኔ አንኳኳሁልሽ። አራቱ ሞልቷል። ዛሬ ይከፈታል።”

ገርሊንደ ፊቷን በሽርጧ ጠረገች። የጣደችው ወተት እስኪረጋ ግማሽ ሰዓት እንደሚፈልግ፣ ትታው ብትሄድ እንደሚበላሽ ነገረቻቸው። እማሆይ አፍራ ወንበር ስበው ተቀመጡና ጠበቋት።