ዳቦው ሳይርስ

ጋሽ መኩሪያ ልጅ አይሰጥም። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ቀጠሮ ስለሚወድ ነው። ለታላቂቱ ልጁ ለብርነሽ ሽማግሌ ሲላክበት ሰባት ጊዜ ቀጥሯል። በአራተኛውና በአምስተኛው ቀጠሮ መካከል ከሽማግሌዎቹ አንዱ አርፈው በሌላ ሰው ተተክተዋል። ብርነሽ በመጨረሻ ስትዳር የሙሽራው ፀጉር ከፊት ሳስቶ ነበር።

«ሴት ልጅ በአንድ ቃል አትሰጥም» ይላል። «ቢያንስ ሦስት ቀጠሮ። አባቴም እንዲሁ፣ አያቴም እንዲሁ።»

አያቱ ሴት ልጅ እንዳልነበራቸው ሚስቱ እትዬ ፈለቀች ነግራኛለች።

ገርጂ ውስጥ አጥራችን አንድ ነው። ቆርቆሮውን የገዛሁት እኔ ነኝ፤ ዝገቱ በሱ በኩል ነው። ስለዚህ የቤቱን ነገር ሳልጠይቅ እሰማለሁ። በሰባ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ ነሐሴ ላይ፣ ታናሺቱ ልጁ ትግስት ረታ ከሚባል የሰፈራችን ልጅ ጋር የመምህርነት ትምህርቷን መጨረሷንም የሰማሁት በአጥሩ ነው። እንደሚዋደዱ ሰፈሩ ያውቃል፤ የማያውቀው አባትየው ብቻ ነው። ከዚያ ምደባ ወጣ። ትግስት ደጀን፣ ረታ ጎዴ። ቀበሌ ግድግዳ ላይ ባለው ካርታ ለካሁት፤ የኔ ስንዝር አልበቃውም።

ዓርብ ዕለት ትግስት በእኔ በር መጣች።

«ጋሽ ገሰሰ፣ ሽማግሌ ይሁኑልኝ።»

«ለማን?»

«ለአባዬ።»

«አንቺ ልጅ፣ ጤነኛ ነሽ?»

ነገሩን አስረዳችኝ። የተጫጩ ካሉ አንድ ቦታ ይመደባሉ ተብሏል። ግን የልጅቱ አባትና ሦስት ሽማግሌዎች የፈረሙበት ወረቀት እስከ ሰኞ መግባት አለበት። ከሰኞ ካለፈ እሷ ወደ ደጀን፣ እሱ ወደ ጎዴ።

«ዛሬ ዓርብ ነው» አልኳት። «አባትሽ እስከ ሰኞ አንዱን ቀጠሮ እንኳ አይጨርስም።»

«አውቃለሁ። እሑድ ዘጠኝ ሰዓት ነው የምትመጡት። ከእርስዎ ጋር መምሬ ዘርአጽዮንና ጋሽ ሐምዛ አሉ።»

«መምሬ? መምሬ ንግግር ከጀመሩ እኮ አይጨርሱም።»

«ለዚያ ነው።»

«ሐምዛስ?»

«ባለሱቅ ናቸው። ዋጋ ሲጠሩባቸው ማስቀነስ ያውቃሉ።» ቀጠለች። «ቀድማችሁ እንዳትገቡ። በመስኮት ነጭ ጨርቅ ሳወጣ ግቡ። እንዳትቀመጡ። እንዳትቀምሱ።»

ይህን ማስጠንቀቋ ትንሽ ቅር አሰኘኝ። ሽማግሌ መልስ ሳያገኝ ቁጭ ብሎ እንደማይበላ ማን ያጣዋል? ግን እሺ አልኳት። ልጅ ሲጨንቀው ትልቅ ሰውን የሚያውቀውን መልሶ ያስተምራል።

እዚህ ላይ ስለ ዳቦው መናገር አለብኝ።

ጋሽ መኩሪያ ካዛንቺስ ውስጥ በአንድ ጣሊያን ምግብ ቤት አሥራ አራት ዓመት ሠርቷል። ጣሊያኑ አገሩ ገባ፣ ምግብ ቤቱ ተዘጋ፤ ጋሽ መኩሪያ አሁን በአንድ መሥሪያ ቤት ካፍቴሪያ መኮሮኒ በትልቅ ጭልፋ ያማስላል። ከጣሊያኑ ብዙ ነገር ተምሯል፤ የሚኮራው ግን በአንዱ ብቻ ነው። ፉርኖ ዳቦ በስሱ ይቆረጣል፣ ከሰል ላይ ይጠበሳል፣ ትኩስ እንዳለ ነጭ ሽንኩርት ይታሽበታል። ከላዩ ቲማቲም ደቆ ተከትፎ፣ በጨው፣ በዘይትና በበሶብላ ተለውሶ ይደረጋል። በቃ። ይህ ከዋናው ምግብ በፊት ለእንግዳ ይቀርባል ይላል። ዋናው ምግብ ምን እንደሆነ ተናግሮ አያውቅም።

እትዬ ፈለቀች «ያልበሰለ ስልስ» ትለዋለች፤ አትነካውም። እኔን አንድ ጊዜ ጋብዞኛል። ሁለቱን አንድ ላይ አጥፌ ሻይ ውስጥ ነከርኩት። ከሰኔ ሚካኤል እስከ ሐምሌ ገብርኤል አላናገረኝም። ሲታረቀኝ የነገረኝ ይህን ነው፦

«ሲነከስ ካልጮኸ ምንም አይደለም። ቲማቲሙ ከተደረገበት ጀምሮ አሥር ደቂቃ አለህ። ከዚያ በኋላ ገንፎ ነው።»

ትግስት አባቷን እንዲህ አለችው፤ ይህንንም በአጥሩ ሰምቻለሁ።

«አባዬ፣ እሑድ ጋሽ ገሰሰ ሁለት ሰዎች ይዘው ይመጣሉ። አንዱ ቄስ ናቸው፣ አንዱ እስላም። ደግሞ ፍልሰታ ነው። ምን ይቀርባል?»

ጋሽ መኩሪያ አንድ በአንድ ቆጠረ። ሥጋ አይቀርብ፤ ቢቀርብ የአንዱን አንዱ አይበላ። ወተት አይቀርብ፣ እንቁላል አይቀርብ። ከዚያ ተነሥቶ ነጩን ሽርጡን ሲፈልግ ሳጥን ሲከፈትና ሲዘጋ ሰማሁ።

ቅዳሜ ትግስት ከንጋት ጀምራ ቀበሌው ዳቦ ቤት ተሰልፋ አምስት ፉርኖ አመጣች። የቤቱ የሳምንት ድርሻ ነው። ዘይቱም የወሩ ነው። የሚደገም ነገር የለም ማለት ነው።

እሑድ ጧት የቀበሌ ስብሰባ ነበር፤ ሁላችንም ሄደን ስብሰባው ላይ ተኛን። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እኔ፣ መምሬና ሐምዛ በሐምዛ አንድ ጃንጥላ ሥር የጋሽ መኩሪያ በር ላይ ቆምን። ዝናቡ ጃንጥላው ለሦስት እንደማይበቃ የነገሩት ይመስል በጎን ነበር የሚመጣው። ነጩ ጨርቅ በመስኮት ብቅ አለ። ገባን።

ጋሽ መኩሪያ ሽርጡን ታጥቆ፣ በሁለት እጁ ትሪ ይዞ ሳሎኑ መሐል ቆሟል። ትሪው ላይ ሃያ አራት ቁራጭ ዳቦ ተደርድሯል። እኔ ግምበኛ ነኝ፤ የተስተካከለ ነገር ሳይ አውቃለሁ። ቲማቲሙ ውኃ ልክ ተይዞለት የተለሰነ ይመስላል።

«ቶሎ፣ ቶሎ! ተቀመጡ! አሁን ነው ያደረግሁበት!»

አልተቀመጥንም። እኔ ባርኔጣዬን አወለቅኩ፤ ሦስታችንም በመሥመር ቆምን።

«ጉዳይ አለን» አሉ መምሬ።

ሦስት ሰው በመሥመር ቆሞ አልቀመጥም ሲል በእኛ አገር ማስረዳት አያስፈልግም። ጋሽ መኩሪያ እኛን አየ። ከዚያ ወደ ጓዳው መጋረጃ አየ። እትዬ ፈለቀች ከመጋረጃው አጠገብ ቆማለች፤ ከሥሩ ሁለት እግር ይታያል፤ የትግስት ነው።

መምሬ ጀመሩ። ከረታ ቅድመ አያት ነው የጀመሩት። ቅድመ አያቱ ከቡልጋ ሲነሡ አንዲት በቅሎ ነበረቻቸው። የበቅሎዋን ጠባይ ዘረዘሩ። ጋሽ መኩሪያ ዓይኑን ከትሪው ላይ አላነሣም።

«መምሬ፣ አባቴ፣ በአጭሩ ይሁንልኝ።»

«ይህች በቅሎ ታዲያ ወንዝ ስትደርስ...»

«መምሬ!»

«የረታ ነገር ነው» አለ ሐምዛ። «ትግስትን ለረታ።»

«ሰማሁ። በሉ መጀመሪያ ቅመሱ፣ ኋላ እንነጋገራለን።»

«መልስ ሳንሰማ ውኃም አንቀምስ» አልኩ። ነጭ ሽንኩርቱ አፍንጫዬ ገብቶ ምራቄን እየዋጥኩ ነው ያልኩት።

«እንግዲያውስ የዛሬ ሳምንት ተመለሱ።»

አስቦበት አይደለም፤ አፉ ለምዶበት ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ከፊተኛው ዳቦ ላይ አንዲት የቲማቲም ጠብታ ተንሸራታ ትሪው ላይ አረፈች። አምስታችንም አየናት። ከመጋረጃው ሥር ማየት ከተቻለ ስድስታችንም።

«ሳምንት ጥሩ ነው» አለ ሐምዛ። «እስከዚያ ግን ይሄ ዳቦ ይቆያል?»

«ምን ይቆያል! ስምንት ደቂቃ ነው የቀረው!»

«እንግዲያው ትንሽ ቀንስልና።»

«ነገ።»

«ነገ ምን ይሆናል ዳቦው?»

«ገንፎ» አለች እትዬ ፈለቀች ከጓዳው በር። «ልጄ ደግሞ ሌላ ወረፋ የምትቆም እንዳይመስልህ። ዘይቱም አልቋል።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?» ጋሽ መኩሪያ ትሪውን እንደያዘ ወደ እኛ ዞረ። ድምፁ ተለውጧል። «ልጁ ደኅና ልጅ ነው፤ አልጠላሁትም። ግን በአንድ ቃል ከሰጠኋት ሰው ምን ይላል? መኩሪያ ልጁ ከብዳው ነው የገፈተራት ይላል። ለብርነሽ ሰባት ቀጠሮ፣ ለትግስት አንድም? ራሷስ ምን ትላለች?»

ከመጋረጃው ሥር ያለው እግር አንዱ በሌላው ላይ ወጣ።

«ቀጠሮ የግድ በቀን ይቆጠራል ያለው ማነው?» አልኩ። ሐምዛ ይህን ያልኩት እኔ ነኝ ይላል። ይበል።

ጋሽ መኩሪያ አሰበ። ለማሰብ ብዙ ጊዜ አልነበረውም።

«ውጡ» አለ። «ወጥታችሁ በሩን ዝጉ። ከአንድ ደቂቃ በኋላ ተመለሱ። ይሄ አንደኛ ቀጠሮ ነው።»

ወጣን። የሐምዛ ጃንጥላ እቤት ውስጥ ቀርቷል። መምሬ ጥምጥማቸውን በእጃቸው ሸፍነው ቆሙ። አንኳኳን።

«ማነው?»

«ሽማግሌዎች ነን። በቀጠሯችን መጣን።»

«ገና ከዘመድ አልተማከርኩም። ሌላ ቀን ተመለሱ። ማለቴ፣ ሌላ ደቂቃ።»

ዝናቡ ጠነከረ። በሩ ውስጥ ሲማከር ይሰማናል። «ፈለቀች፣ ምን ትያለሽ?» «እኔ ከፋሲካ ጀምሮ እሺ ብያለሁ፤ የጠየቀኝ ነው ያጣሁት።» እንደገና አንኳኩተን ገባን።

«አሁንስ ተማከርክ?»

«ተማክሬያለሁ። አጎቷን ግን መጠየቅ አለብኝ።»

«አጎቷ እኮ ሐረር ነው» አልኩ።

«እንግዲያው በልቤ እጠይቀዋለሁ። ውጡ።»

በሦስተኛው ስንገባ ከካልሲዬ ውኃ ይወጣ ነበር። ጋሽ መኩሪያ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

«ልጁ ይጠጣል?»

«አይጠጣም» አለ ሐምዛ። «ከኔ ሱቅ የሚገዛው ሻማና ደብተር ነው።»

«ቲማቲም ይበላል?»

እርስ በርስ ተያየን። ረታ ቲማቲም እንደማይወድ ሦስታችንም እናውቃለን። ቄስ ደግሞ አይዋሽም።

«ያቀረቡለትን የሚገፋ ልጅ አይደለም» አሉ መምሬ። እውነት ነው፤ ረታ ገፍቶ አያውቅም። በኪሱ ነው የሚከተው።

«ትግስት፣ ነይ ውጪ።»

ወጣች። ዓይኗን መሬት ላይ ተክላለች።

«ትፈልጊዋለሽ?»

«አዎ፣ አባዬ።»

«ሦስት ቀጠሮ መስጠቴን አይተሻል?»

«አይቻለሁ።»

«ሰጥቻለሁ» አለ፤ ቃሉ ሳያልቅ ትሪው ደረታችን ሥር ደርሶ ነበር።

እንደቆምን ነከስን። ጮኸ። ሦስት ሽማግሌ ባንድ ጊዜ ሲነክስ ጠጠር መንገድ ላይ የሚሄድ ጋሪ ይመስላል። ጋሽ መኩሪያ ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ። እንዲህ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም፤ ብርነሽ ስትዳርም አላየሁትም። እትዬ ፈለቀች እንኳ አንዱን አነሣች።

«ግሩም ነው» አሉ መምሬ አራተኛውን ሲጨርሱ። «ወጡ መቼ ነው የሚመጣው?»

ጋሽ መኩሪያ አልሰማም፤ ወይም አልሰማሁም አለ።

ትግስት ከጓዳ ወረቀት አመጣች። በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ተጽፎ፣ የሁላችንም ስም ገብቶ፣ የፊርማው ቦታ ብቻ ባዶ ቀርቷል።

«ይሄ መቼ ነው የተጻፈው?» አላት አባቷ።

«ዓርብ።»

«ዓርብ እኮ እኔ አልተጠየቅሁም።»

«ለዚያ ነው ባዶ የተውነው።»

ፈረመ። ፈረምን። አጎንብሼ በጆሮዋ ጠየቅኋት። «መምሬ ለርዝመት፣ ሐምዛ ለዋጋ። ምግቡ እንዳይለወጥም አንዱ ቄስ፣ አንዱ እስላም። ይሄ ገባኝ። እኔን ለምን መረጥሽኝ?»

«ያን ጊዜ ሻይ ውስጥ የነከሩት እርስዎ አይደሉ? አባዬ ከሞተ ነው እርስዎ ፊት ዳቦው የሚርሰው።»

ሰኞ ዕለት ወረቀቱን የተቀበለው ሰውዬ ከአባትየው ፊርማ ጎን ያለውን የዘይት እድፍ አይቶ ወደ ብርሃን አነሣው፤ ቀጥሎ አሸተተው። ከዚያ «ደጀን፣ ሁለታችሁም» ብሎ ማኅተሙን እድፉ ላይ መታበት።

ጋሽ መኩሪያ ዛሬም የትግስት ነገር በተነሣ ቁጥር እንዲህ ይላል፦ «ዝም ብዬ አልሰጠኋትም። ሦስት ጊዜ ቀጥሬ ነው። ሽማግሌዎቹ በዚያ በነሐሴ ዝናብ ሲመላለሱ አይታክቱም ነበር።»

ሰሚው ወደ እኔ ይዞራል። እኔም ምስክር ነኝ፤ አንድም ሐሰት የለበትም።