ፊት የሌለው ሥዕል

«ይሄ የኔ ልጅ ነው?» አለች ኛጃል፣ ጣቷን ወደ ታብሌቱ ዘርግታ።

ፍቅርተ መዝገቡ የልጇ መሆኑን የጠየቀቻት መስሏት «አዎ፣ የልጅዎ ነው» አለቻት።

ኛጃል ጎንበስ ብላ አየች። ቀና ስትል ከንፈሯ ደርቋል።

«ፊቱስ? ፊቱን ምን አደረጉት?»

ፍቅርተ ያን ጊዜ ገባት። ታብሌቱ ላይ ያለው ግራጫ የሰው ቅርጽ ነው፤ ከፊትና ከኋላ የተሳለ፣ ዓይንም አፍም የሌለው። ፖሊስ በሰው ላይ ኃይል ሲጠቀም ጉዳዩ በዚህ ሶፍትዌር ይመዘገባል፤ የተመታው ቦታ ሥዕሉ ላይ ሲነካ ቀይ ነጥብ ያርፍበታል። ፖሊስ ጣቢያው ውስጥ ዩኒፎርም የማትለብሰው ፍቅርተ ብቻ ናት። የተቀጠረችው ለዚሁ ነው።

«ሥዕል ነው እናቴ። ለሁሉም ሰው ያው ነው። የት እንደመቱት ያሳዩኝ።»

ኛጃል ሥዕሉን የተኛ ሰው እንደምትነካ በቀስታ ነካችው። ከጀርባው በግራ በኩል፣ ከጎድኑ በታች። ቀይ ነጥብ ሲወጣ ደንግጣ እጇን ሰበሰበች።

«አመመው?»

«አያመውም።»

«እዚህ ነው። እዚህም። ሽንቱ ደም ነው።»

ልጇ ዱዋል ኒውላንድ በሚባለው የጋምቤላ ሰፈር ባጃጅ ይነዳል። ኬላ ላይ ቁም ሲባል ትንሽ አልፎ ስለቆመ፣ ጆክ የሚባል ፖሊስ አውርዶ በዱላ መታው። ጆክ ባዳ አይደለም፤ የእናቱ ግቢ ከኛጃል ግቢ ጋር አጥር ይጋራል። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሁለቱ ቤት ሰዎች ከአንድ ዕቃ ውሃ አይጠጡም። ሽማግሌ ሳያስታርቅ የጠጣ ይታመማል ይባላል።

ፍቅርተ ጉዳዩን መዝግባ ላከችው። ሆስፒታሉ ዱዋል ወደ ጅማ እንዲሄድ ጽፎለት ነበር፤ ኛጃል ግን የምታሳፍርበት መኪና አልነበራትም። ልጁ እዚያው አልጋው ላይ ቆየ።

በሚቀጥለው ሳምንት ኛጃል ተመልሳ መጣች። ስትገባ እየሳቀች ነበር።

«ልጄ፣ አጥፊው።»

«ምኑን?»

«የነገርኩሽን። ሽማግሌዎች ባሮ ዳር ተቀምጠው ጨረሱ። በሬ ታረደ። የጆክ አጎት መኪና ሰጠ፣ ዱዋልን ጭነው እውጭ ቆመዋል።»

«ታዲያ ይሂዱ እናቴ። ይሄ ምን አገዳቸው?»

«በሬ ከታረደ በኋላ ያ ነገር በሌላ ቤት አይወራም። እዚህ ውስጥ ከተወራ እርቁ ውሸት ነው። አጎትየው ሳይጠፋ አልነዳም ብሏል።»

ፍቅርተ ታብሌቱን ይዛ ኢንስፔክተር ያዕቆብ ቢሮ ገባች። ማራገቢያው ስር ሸሚዙን ከፍቶ ተቀምጧል።

«ምነው ዝምተኛዋ? ዛሬ ደግሞ ምን አጠፋን?»

ነገረችው። ድምፅዋ ስለማይሰማ ሁለቴ አስደገማት።

«ዝጊላት በቃ።»

«መዝጊያው ሦስት ምርጫ ነው ያለው። ኃይሉ ተመጣጣኝ ነበር፣ ተመጣጣኝ አልነበረም፣ ኃይል አልተጠቀመም። ታርቀዋል የሚል የለውም።»

«የሠሩት አዲስ አበባ ተቀምጠው ነው። በሬውን ማን ነገራቸው?» ሳቀ፤ እሷ እንዳልሳቀች ሲያይ ሸሚዙን ቆለፈ። «የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ወደ መርማሪ ይሄዳሉ። ነገሩ እንደገና ተከፈተ ማለት ነው። ሦስተኛውን በይ።»

«ግን ተጠቅሟል።»

«አውቃለሁ እህቴ። ጆክን ኬላው ላይ የመደብኩት እኔ ነኝ። መኪናው ግን ሞተሩን አላጠፋም፣ ይሰማሻል?»

ይሰማታል። ኛጃል በሩ ላይ ቆማ አንዴ እሷን፣ አንዴ ውጭውን ታያለች። ፍቅርተ ጣቷን «ኃይል አልተጠቀመም» የሚለው ላይ አሳረፈች። ተጫነችው።

ቀዮቹ ነጥቦች ጠፉ። ሥዕሉ እንደ መጀመሪያው ንጹሕ ሆነ።

ኛጃል መጥታ ጎንበስ አለች። የሥዕሉን ጀርባ በመዳፏ ዳበሰችው፤ ምንም አልወጣም።

«ዳነ?» አለች።

ኢንስፔክተሩ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«መኪናው እየጠበቀዎት ነው እናቴ» አለች ፍቅርተ። «ቶሎ ይሂዱ።»

ዱዋል በጅማው መንገድ፣ ወደ ቡሬ በሚወጣው ዳገት ላይ፣ ራሱን አብሮት በተሳፈረው በጆክ ጉልበት ላይ እንዳስደገፈ ሕይወቱ አለፈ። መኪናው ከዚያው ተመልሶ ከሰዓት በኋላ ጋምቤላ ገባ። በማግሥቱ ጆክና አጎቱ ከኛጃል ወንድሞች ጋር ሆነው መቃብሩን ቆፈሩ፤ ሲደክማቸውም ከአንድ ጣሳ ውሃ ጠጡ።