ሙሉ በሙሉ የወደመ

የልብስ ሰፊዋ በር አልዘጋ ያለው ጎርፉ ካለፈ በሰባተኛው ወር፣ በጠራራ በጋ ነው። አናጢው መላጊያውን ይዞ ሄደ። በሩን የገጠመላት ራሱ ነበር፤ ገና ግማሽ ዓመትም አልሞላውም። የላይኛው ጥግ መቃኑን እየፋቀ ነበር። ላግ ላግ አደረገውና ከፍቶ ዘጋው። እሺ አለው።

"እንጨት እንደ ሰው ነው እትዬ። ውሃ ሲጠግብ ያብጣል።"

"እኔም ከጎርፉ ወዲህ አብጫለሁ፤ የሚልገኝ ነው ያጣሁት፣" አለችው። ሳቁ። ባሏን ጎርፉ ከወሰደባት ወዲህ ከእሷ የእጁን ዋጋ ተቀብሎ አያውቅም፤ ያን ቀንም አልተቀበለም።

የሰፈሩ ሰው "ውሃልክ" ይለዋል። የተንጋደደ ነገር ካየ ዓይኑ አያርፍም፤ ሰው ቤት በእንግድነት ሄዶ ግድግዳ ላይ የተጣመመ ፎቶ ካየ ተነሥቶ ሳያቃናው ወንበሩ አይመቸውም። ሚስቱ በዚህ ጠባዩ ታፍራለች። ሥራ የሚያገኘው በዚሁ ጠባዩ እንደሆነ ግን አይጠፋትም።

መንገዳቸው አንድ ረድፍ ቤት ነው፤ ከፊቱ ወንዝ፣ ከጀርባው ኮረብታ። ባለፈው ክረምት ወንዙ ሞልቶ የገባባቸው በፊት ለፊት ነበር። ከዚያ ወዲህ ደመና በጠቆረ ቁጥር ሰው ሁሉ የሚመለከተው ወደ ወንዙ ነው። ወደ ኮረብታው የሚዞር አልነበረም።

ከጎርፉ በኋላ መንግሥት ለተጎጂዎችና ለንግድ ቤቶች የመልሶ ማቋቋሚያ ድጋፍ መደበ። ቤት ሁሉ ታይቶ በሦስት ተከፈለ፤ ቀላል ጉዳት፣ መካከለኛ ጉዳት፣ ሙሉ በሙሉ የወደመ። ቤቱ ሙሉ በሙሉ ወድሟል የተባለ ሰው ከከተማው ማዶ፣ ሜዳው ላይ፣ መኖሪያና መሥሪያ ቦታ ይሰጠዋል። የእነሱ መንገድ መካከለኛ ተባለ። ለመካከለኛ ገንዘቡ በሁለት ጊዜ ነው የሚከፈለው፤ ግማሹ ለመጠገኛ፣ ግማሹ ደግሞ ተቆጣጣሪ መጥቶ ባለቤቱ በዚያው ቦታ ሥራ መጀመሩን ሲያይ። ውሉ ላይ "በዚያው ቦታ" ከሚለው ሥር ተሰምሮበታል። ከዚያ በፊት ቦታውን የለቀቀ የመጀመሪያውንም ይመልሳል።

ወረቀቱን ያስጨረሰችው ሚስቱ ናት። ሦስት ወር ሙሉ ተሰልፋለች። አንድ ቀን ማህተም ጎደለ፣ አንድ ቀን ፎቶው ደበዘዘ፣ አንድ ቀን ፈራሚው ስብሰባ ገባ። "ላም አለኝ በሰማይ" እያለ ሲቀልድባት የነበረው አናጢ፣ የመጀመሪያው ክፍያ ወጥቶ የመጋዝ ማሽኑ ሲገዛ አፉን ያዘ። ሁለተኛው ክፍያ ሊደርስ አንድ ወር ተኩል ቀርቶት ነበር።

ከልብስ ሰፊዋ ቀጥሎ የፀጉር አስተካካዩ በር አስቸገረ። ከዚያ የመድኃኒት ቤቱ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ዘጠኝ በር ላገ። ሰባተኛው ላይ መጠራጠር ጀምሮ ነበር፤ ሁሉም የሚፋቁት በአንድ በኩል ነው። በጋ ደግሞ እንጨትን ያከሳዋል እንጂ አያሳብጠውም።

አሥረኛው የዳቦ ቤቱ በር ነበር። ባለቤቱ በዕድሜም በጨዋታም የመንገዱ አውራ ነው፤ "ጋሼ እርሾ" ይሉታል፣ የገባበት ወሬ ሁሉ ስለሚነፋ።

"አንተ ውሃልክ፣ ይሄ ደግሞ ምን ነካው?" አለ፣ በሩን በትከሻው እየገፋ።

አናጢው በሩን አንዴ ወደ ውስጥ አንዴ ወደ ውጭ አለው። የብረት በር ነው።

"ምነው ቆምክ? ሥራው እንጂ።"

"ብረት ውሃ አይጠጣም ጋሼ፣" አለ አናጢው።

ወደ እንጨት ሥራ ቤቱ ተመለሰና በገዛ እጁ ያስተካከለው ሲሚንቶ ወለል ላይ ውሃልኩን አስቀመጠ። አረፋዋ ከመስመሯ ወጥታ ወደ ኮረብታው በኩል ተለጥፋለች። ወደ ጓሮ ዞረ። የኋላው ግድግዳ ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አገኘ፤ በእርሳስ ዳርና ዳሯን ምልክት አድርጎ ቀኑን ጻፈበት። በሳምንቱ ሲያያት ጣቱ ገባ።

ለሚስቱ ነገራት። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ስንጥቁን አየችው፤ ከዚያ ቁም ሣጥን አስጎትታ አስጠጋችበት።

"ሦስት ሳምንት ነው የቀረው፣" አለች። "ሦስት ሳምንት አፍህን ያዝልኝ። ስንት ጊዜ ተሰልፌ፣ ስንት ሰው ለምኜ እንደሆነ አንተ አታውቅም።"

"ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል።"

"እኛ ተቃጥለን ጨርሰናል። ቅጠሉ ነው አሁን እየመጣ ያለው።"

እሱ ግን አላስችል አለው። በማግስቱ ሳይነግራት የድጋፍ ጽሕፈት ቤቱ ወዳለበት የስፖርት አዳራሽ ሄደ። መስኮቱ ላይ የነበረው ጸሐፊ ደህና ሰው ነበር፤ እስኪጨርስ አዳመጠው።

"አባቴ፣ እኛ የምንመዘግበው የደረሰ ጉዳት ነው፣" አለው። "ሊደርስ ላለ ጉዳት ቅጽ የለንም።"

"እሺ፣ በነጭ ወረቀት ብጽፈውስ?"

ጸሐፊው ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ከጻፉት እቀበልዎታለሁ። ግን ይወቁት፤ የመንገዱ ሁሉ ክፍያ ይቆማል፣ የመሬት ባለሙያ ይጠበቃል። ባለሙያው አንድ ነው፤ አርባ ሰፈር አለበት። ከክረምቱ በፊት አይደርስም። እስከዚያ ደግሞ ልቀቁ የሚላችሁ የለም፤ ከለቀቃችሁም ትከፍላላችሁ።"

አናጢው ወረቀቱን ሳይጽፍ ወጣ። ወሬው ግን ቀድሞት ሰፈር ገብቷል፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አመሻሹ ላይ ዳቦ ቤት ጠሩት። ልብስ ሰፊዋ፣ ፀጉር አስተካካዩ፣ ባለመድኃኒት ቤቷ፣ ሁሉም ዱቄት ጆንያ ላይ ተቀምጠዋል። ሚስቱም አለች፤ አላየችውም።

"እኛን ልትገድለን ነው?" አለ ጋሼ እርሾ፣ ሳይቆጣ።

"ኮረብታው እየመጣ ነው ጋሼ።"

"ኮረብታው እኔ ስወለድ እዚያው ነበር። መጥቶ አያውቅም።"

ልብስ ሰፊዋ ቀስ ብላ ተናገረች። "ልጄ፣ እኔ ከዚህ ብነሣ የምሄድበት የለኝም። ሁለተኛውን ክፍያ ካገኘሁ ግን ራቅ ያለ ቦታ እከራያለሁ። ትንሽ ጠብቀን። እኛ ሁላችን እናውቃለን እኮ። የማናውቅ ይመስልሃል?"

ይህ ነው ያሸነፈው። ሁሉም ያውቁ ነበር።

ከዚያ የጠየቁትን አደረገ። ተቆጣጣሪ ሲመጣ በር ካስቸገረ ነገር ይነሣል፤ ስለዚህ የመንገዱን በሮች ሁሉ እንደገና ላገ። በየሁለት ቀኑ ይዞራል፤ ትናንት ልክ የነበረው ዛሬ ይነክሳል። ስንጥቆቹን በኖራ ደፈነ። የዳቦ ቤቱን በር ማጠፊያ በያጅ አስጠርቶ አስቀየረ። ማታ እራት ላይ እጁን ሲታጠብ ኖራው ከጥፍሩ ሥር አልለቅ ይለው ነበር። ሚስቱ አንድ ጊዜ ጣቶቹን ይዛ በብሩሽ ልታጸዳለት ሞከረችና መሐል ላይ ተወችው።

ተቆጣጣሪዋ ወጣት መሐንዲስ ነበረች፤ አቧራ የጠጣ ጫማ፣ አንገቷ ላይ የተንጠለጠለ መታወቂያ። ከቤት ቤት ገባች፣ ዳቦው ሲጋገር አየች፣ ስፌቱ ሲሰፋ አየች፣ ፎቶ አነሣች። ሰው ሁሉ "ግቢ እናቴ፣ ተቀመጪ" ይላታል። አንድም ቦታ አልተቀመጠችም። መጨረሻ ላይ አናጢው ጋ ደረሰች። ሚስቱ ሰነዱን በፕላስቲክ ማህደር ይዛ ቆማለች።

መሐንዲሷ ሰነዱን አልተቀበለቻትም። በሩ ሥር ጎንበስ ብላ የእንጨት ፍቅፋቂ አነሣች።

"በየቤቱ ደፍ ላይ ይሄ አለ፣" አለች። "የእንጨት በሮቹ ሁሉ ቀለም ተቀብተዋል፣ ጥጋቸው ግን ነጭ እንጨት ነው። ማን ነው የሚልጋቸው?"

"እኔ ነኝ።"

"በስንት ቀኑ?"

ሚስቱን አያት። እሷ መሬት መሬት ታያለች። ሌሎቹ ከውጭ መስኮቱን ተጠግተው ቆመዋል።

"በየሁለት ቀኑ፣" አለ።

መሐንዲሷ ቁም ሣጥኑን ራሷ ገፋችው። ከኋላው ኖራው ተሰንጥቆ ነበር፤ በስንጥቁ የጓሮው ብርሃን ይገባል። እጇን ብርሃኑ ላይ ዘረጋች።

"ያየሁትን ብጽፍ ክፍያው ይቆማል፤ እናንተም እዚሁ ትቆያላችሁ፣" አለች፣ ለራሷ እንደምታወራ። "ደህና ነው ብዬ ብጽፍ ገንዘቡ ይመጣል፤ እናንተም እዚሁ ትቆያላችሁ።"

"እና ምን ይሻላል ልጄ?" አላት አናጢው።

"እሱን ለእኔ ይተዉት፣" ብላ ወጣች።

በአምስተኛው ቀን የስፖርት አዳራሹ በር ላይ ስም ዝርዝር ተለጠፈ። የመንገዱ ሰው ተጠራርቶ ሄደ። ልብስ ሰፊዋ መነጽሯን ረስታ ስለነበር አናጢው አነበበላት። ስሟ፣ የቤት ቁጥሯ፣ ከዚያ "ሙሉ በሙሉ የወደመ"። ቀጣዩም ሙሉ በሙሉ የወደመ። የእሱም። ከላይ እስከ ታች አሥራ አራት ቤት፣ በአሥር ቀን ውስጥ ወደ ሜዳው እንዲዛወሩ።

ማንም አልተደሰተም። ጠዋት በሩን ቆልፎ የመጣ ሰው፣ ቁልፉ ኪሱ ውስጥ እያለ፣ ቤቱ እንደሌለ ሲያነብ ምን ይላል? ባለመድኃኒት ቤቷ ሁለት ጊዜ አነበበችና እየሮጠች ወደ ሰፈር ተመለሰች። ቤቱ ቆሞ ነበር። በሩን ለመክፈት ግን የመንገደኛ ትከሻ አስፈለጋት።

በዚያው ሳምንት ጓዝ መውጣት ጀመረ። የአናጢው ሚስት ቀድማ አሰረች፤ "የተጻፈ ነገር ያስፈራኛል" አለች። ጋሼ እርሾም ቤተሰቡን አወጣ። ምድጃውን ግን የሚነቅልበት መላ አላገኘም፤ ሜዳው ላይ ሌላ እስኪሠራለት በየቀኑ ተመልሶ መጋገሩን ቀጠለ።

"ሰው ዳቦ መብላት አይተውም፣" አለው አናጢውን። "ደግሞ የወደመ ቤት እንዴት ድጋሚ ይወድማል? ተጽፎ አልቋል።"

አናጢው በሩን ክፍት አድርጎ እንዲሠራ ለመነው። ጋሼ እርሾ ዝንብ ይገባል አለ።

ኮረብታው የወረደው ዝርዝሩ ከተለጠፈ በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ጠብታ ዝናብ ሳይኖር፣ በቀትር ነው። ልብስ ሰፊዋ የቀረ ጨርቋን ልትወስድ መጥታ መንገዱ ጫፍ ላይ ነበረች። ነጎድጓድ አልነበረም ትላለች፤ ሰፊ አቡጀዲ ሲቀደድ እንደሚሰማው ነው ያለው። አቧራው ሲገለጥ መንገዱ የለም። ከወንዙ እስከ ኮረብታው ወገብ ቀይ አፈር ብቻ። ጋሼ እርሾን ያገኙት በሦስተኛው ቀን ነው፤ በሩ ሥር፣ በውስጥ በኩል።

ከቀብሩ በኋላ ባሉት ቀናት አናጢው ለምርመራ ተጠራ። ሚስቱ አብራው ሄደች። መርማሪው ሁለት ወረቀት፣ የመሐንዲሷን ሪፖርትና የአደጋውን መዝገብ፣ ጎን ለጎን አስቀመጠ።

"ይህ ሪፖርት የተፈረመው ቤቶቹ ከመፍረሳቸው ከአሥራ ስድስት ቀን በፊት ነው። በዚያን ቀን ቤቱ ቆሞ ነበር?"

"ቆሞ ነበር።"

"የቆመን ቤት ወደመ ብሎ መጻፍ የመንግሥት ገንዘብ ማጭበርበር ነው።"

"አሁን ወድሟል እኮ ጌታዬ።"

"ስለ አሁን አልጠየቅሁዎትም።" መርማሪው ብዕር አቀበለው። "ቤቱ በዚያን ቀን ምንም እንዳልነበረበት፣ መሐንዲሷም በሐሰት እንደጻፈች ከፈረሙ የእርስዎ ፋይል ዛሬ ይለቀቃል። ካልሆነ ተባባሪ ይሆናሉ።"

አናጢው ብዕሩን ይዞ ወደ ሚስቱ ዞረ። ይህን ፋይል ለመክፈት ያለፈችበትን ያውቃል። እሷ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አጥብቃ ይዛለች።

"እውነቱን ተናገር፣" አለችው። "ዝም በል ያልኩህ ጊዜ ጋሼ በሕይወት ነበር።"

ስለዚህ ሁሉንም አስመዘገበ፤ በሮቹን ተቆጣጣሪዋን ለማታለል እንደላገ፣ ስንጥቁን እንደሸፈነ፣ እሷ ግን እንዳልተታለለች። ሲወጡ መሐንዲሷ ደረጃው ላይ ተራዋን እየጠበቀች ነበር። መታወቂያው አንገቷ ላይ የለም።

"ውስጥ የቀረው አንድ ሰው ነው አሉኝ፣" አለች።

"አንድ።"

"ስሙ ዝርዝሩ ላይ ነበር። ነግረሽው ነበር በሉኛ።"

የአናጢው ሚስት አጠገቧ ተቀመጠችና እስክትጠራ ድረስ እጇን ይዛ ቆየች።

ውሳኔው የመጣው ከክረምቱ በኋላ ነው። መሐንዲሷ ከሥራ ተሰናበተች። ለመንገዱ ሰው፣ ለጋሼ እርሾ ሚስትም ጭምር፣ ሜዳው ላይ ቦታ ጸና። የአናጢው ፋይል ብቻ፣ ለማታለል ሞክሬ ነበር ባለው ቃሉ፣ ያለ ቦታ ተዘጋ፤ የመጀመሪያውን ክፍያም በየወሩ እየከፈለ እንዲመልስ ተፈረደበት። አሁን ሜዳው ላይ ከፀጉር አስተካካዩ ሱቅ ጀርባ ተጠግቶ ይሠራል፤ ኪራይ የሚቀበለው የለም።

ከዚያ ኮረብታ ሥር፣ ትንሽ ወረድ ብሎ፣ ሌሎች ሁለት መንገዶች አሉ። እነሱም መካከለኛ ናቸው፤ ክፍያቸው ግን ዘግይቷል። አናጢው ሥራ በሌለበት ቀን እየሄደ ስለ ኮረብታው ያናግራቸዋል። ወንበር ያወጡለታል፣ ውሃ ያቀርቡለታል፣ እስኪጨርስም ጸጥ ብለው ይሰሙታል። ከዚያ አንዱ ይነሣና በትህትና እስከ መንገዱ ድረስ ይሸኘዋል፤ ሁለተኛው ክፍያ ሊወጣ ጥቂት ሳምንት ነው የቀረው እያለ።