ገመዱ የተቆረጠበት ቦታ

እትዬ ሉቺያ እንግሊዝ አገር ኤድመንተን ውስጥ እኔ ከምኖርበት ሕንፃ ሁለት ፎቅ ዝቅ ብለው ይኖራሉ። ከረን ተወልደው አስመራ በአማርኛ የተማሩ፣ ካምደን አንድ ላውንደሪ ቤት ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ልብስ ሲያስተካክሉ ኖረው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። ሱሪ ማሳጠር ወይ ዚፕ ማስቀየር የፈለገ የሕንፃው ነዋሪ ሁሉ በራቸውን ያንኳኳል። እኔ ባለፈው ሚያዝያ አንድ ዓርብ ከሥራ ስመለስ ይዤላቸው የሄድኩት ግን አንድ ጥቅል ገመድ ነበር።

"ምንድን ነው ይሄ እዮብ?" አሉኝ፣ ገና በሩን ከፍተው ሳይጨርሱ።

"ሁለት ገመድ ጫፍ ለጫፍ እንዴት እንደሚሰፋ እንዲያሳዩኝ ነው እትዬ። ቋጠሮ ሲሆን አያልፍልኝም።"

"የት ነው የሚያልፈው?"

"ምሰሶ ውስጥ።"

"የምን ምሰሶ?"

ገብቼ ተቀመጥኩና ነገርኳቸው። እኔና ጓደኛዬ ተክለአብ አምና አንዲት ያረጀች ትንሽ የሸራ ጀልባ አብረን ገዝተናል። እኔ የሆስፒታል ላብራቶሪ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሼ ነው የምውለው፤ እሱ እዚሁ ኤድመንተን አንድ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት ይነዳል። ሁለታችንም ሰማይ ማየት ፈልገን ነው የጀመርነው። ጀልባዋ የምትቀመጠው በአውቶቡስ ሃያ ደቂቃ የሚያስኬድ የውሃ ማጠራቀሚያ ዳር፣ አንድ የጀልባ ክለብ ግቢ ውስጥ ነው። ሸራውን ወደ ላይ የሚስበው ገመድ፣ እንግሊዞቹ ሃልያርድ የሚሉት፣ ክሩ ተመዞ ሊበጠስ ደርሷል። አዲሱን ከአሮጌው ጫፍ ጋር ሰፍተን አሮጌውን ስንስብ አዲሱ ተከትሎ ይገባል።

እትዬ ሉቺያ ገመዱን በጣታቸው እያሻሹ ያዳምጡኝ ነበር።

"ለምንድን ነው ውስጥ ለውስጥ የሚሄደው? ውጭውን ቢሄድ ምን ይጎዳል?"

"ንፋስ እንዳይዘው ይመስለኛል። በደንብ አላውቅም።"

"ውስጡን አይተኸዋል?"

"አላየሁም።"

"ዓመት ሙሉ ይዘኸው?" አሉ፣ በእውነት ገርሟቸው። ከዚያ እጄን አዩ። እጄ ለስፌት የሚሆን እንዳልሆነ የገባቸው መሰለኝ። "ነገ በስንት ሰዓት ነው የምትሄደው?"

በማግስቱ የስፌት ቦርሳቸውን አንግተው፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ከእኔ ቀድመው ቆመው አገኘኋቸው። እንግሊዝ የገቡት በአውሮፕላን ነው፤ በሕይወታቸው ጀልባ ላይ ወጥተው አያውቁም።

ተክለአብ ቀድሞን ደርሶ ምሰሶውን ነቅሎ፣ ሁለት የእንጨት መቆሚያዎች ላይ አጋድሞት ነበር። ክፍት የአሉሚኒየም ቧንቧ ነው፤ ርዝመቱ ስድስት ሜትር ያህላል። እትዬ ሉቺያ ሰላምታ ከሰጡት በኋላ ምሰሶውን ከራስ እስከ እግሩ ዞሩት። አናቱ ላይ ያለችውን ትንሽ መዘውር በጣታቸው አሽከረከሩ። ገመዱ በመዘውሯ ላይ አልፎ ወደ ውስጥ የሚገባበትን፣ ከዚያ ታች እግሩ አጠገብ ባለች ስንጥቅ የሚወጣበትን አዩ። የፊተኛው ትንሽ ሸራ ገመድም በዚያው ምሰሶ ውስጥ ያልፋል። በመጨረሻ ቧንቧውን አንኳኩተው ጆሯቸውን ለጠፉበት።

"ቀሚስ ወገብ ውስጥ ላስቲክ እንደማስገባት ነው እኮ" አሉና መርፌያቸውን አወጡ።

በወፍራም መርፌና በሰም በተቀባ ክር አሮጌውን ገመድ ከአዲሱ ጋር አፍ ለአፍ ገጥመው ሰፉት። ከላይ ክር ጠመጠሙበትና መዘውሯ ላይ አሳልፈው ሞከሩት። መጋጠሚያው በእጅ ቢዳሰስ እንኳ አይለይም። ተክለአብ እግሩ ጋ ቆሞ አሮጌውን መሳብ ጀመረ፤ እኔ አናቱ ጋ ሆኜ አዲሱን እለቅለታለሁ። ሦስት ሜትር ያህል ያለ ችግር ገባ። ከዚያ ቆመ።

"ያዘኝ" አለ ተክለአብ።

"ቀስ በል" አሉት።

እሱ ግን እግሩን ምሰሶው መቆሚያ ላይ አስደግፎ በሙሉ ጉልበቱ ሳበ። ገመዱ ድንገት ለቀቀና ተክለአብ በጀርባው ሣሩ ላይ ተዘረረ። አሮጌው ገመድ ተከትሎት ወጥቶ እጁ ላይ ነበር። አዲሱ ምሰሶው ውስጥ ቀርቷል።

"ስፌቱ ለቀቀ" አለ እየተነሣ።

የእትዬ ሉቺያ ፊት ተለወጠ። እኔም እውነቱን ለመናገር ስፌቱ ነው ብዬ ነበር ያሰብኩት። አዲሱን ገመድ መልሼ ላወጣው እጄን ስዘረጋ፦

"እንዳትነካው!" ብለው ጮኹ።

መጥተው፣ ገመዱ ወደ ምሰሶው በሚገባበት በአፉ ልክ መርፌ ቁልፍ ሰኩበት። "አሁን ሳበው። ቀስ ብለህ።"

ሳብኩት። የገመዱ ጫፍ ሲወጣ ስፌቱ እንዳለ ነው። ከስፌቱ ወዲያ አንድ ጋት የሚያህል የአሮጌው ገመድ ቁራጭ ተንጠልጥሏል። እትዬ ሉቺያ ስፌቱን ግራና ቀኝ ጎተቱት፤ ንቅንቅ አላለም። ተክለአብን ቀና ብለው አዩት። ከዚያ ቁራጩን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ።

"ይሄ አልተበጠሰም" አሉ። "እየው እስቲ እዮብ፣ ያንተ ሥራ ማየት አይደለም? የተበጠሰ ክር እንዲህ ይንጨባረራል። ይሄ ግን ግማሹ ብቻ ነው የተንጨባረረው። ግማሹ በምላጭ እንደተቆረጠ ነው። ምን ቆረጠው?"

አየሁት፤ ልክ ናቸው። ሦስታችንም ምሰሶውን አፍጥጠን ማየት ጀመርን፤ ከውጭ ልሙጥ ነው፣ ምንም አይናገርም።

"ገመዱን በምሰሶው ላይ ዘርጉልኝ" አሉ። "መርፌ ቁልፉ መግቢያው ላይ ይሁን፤ ሌላውን ወደ እግሩ ሳቡት።"

ጨርቅ እንደሚለኩ በመዳፋቸው እያስተካከሉ በቧንቧው ላይ አስተኙት። የተቆረጠው ጫፍ አንዲት ትንሽ መንጠቆ ላይ ደርሶ አበቃ።

"ይሄስ ምንድን ነው?"

"መንጠቆ ነው" አልኩ። "የሸራውን መደገፊያ ዘንግ እንዲይዝልን እኔ ነኝ የገጠምኩት።"

"በምን?"

"በብሎን።"

"ርዝመቱስ?"

አልለካሁትም ነበር። ጥቅምት ላይ እቤቴ መሳቢያ ውስጥ ያገኘሁትን ብሎን ነበር የተጠቀምኩት። መንጠቆውን ይያዝልኝ እንጂ ወደ ውስጥ ምን ያህል እንደሚዘልቅ አላሰብኩም።

"ገመዱ መመዘዝ የጀመረው መቼ ነው?" ሲሉ ተክለአብ ፈጠን ብሎ፦

"ከገና ወዲህ ነው" አለ። አሁን የሚያየው እኔን ነበር።

እትዬ ሉቺያ ግን በማን ጥፋት ላይ ጊዜ የሚያጠፉ አይመስሉም። "ውስጡን ማየት አለብን" አሉ። የምሰሶውን እግር የሚዘጋውን የፕላስቲክ ክዳን ነቀልን፤ ተክለአብ አናቱ ጋ ሄዶ የስልኩን መብራት በመግቢያው አበራ። እሳቸው ካፖርታቸውን አጣጥፈው ሣሩ ላይ ተንበረከኩና አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ተመለከቱ። ቆዩ። በጣም ቆዩ።

"እትዬ፣ ይታያል?"

"ይታያል፣ ይታያል። መጨረሻው ላይ ያለው ብርሃን አንድ ሳንቲም ነው የሚያህለው። ግድግዳው ደግሞ እንደ መስታወት ነው፤ ሌላኛው ገመድ ጥላውን ጥሎበት… ቆይ፣ አታጣድፈኝ።" ከዚያ ፈገግ አሉ። "አዎ። መሀል ላይ እንደ ጥርስ የወጣ ነገር አለ። ያበራል።"

እኔም ተንበርክኬ አየሁት። ብሎኑ የአውራ ጣት አንጓ ያህል ወደ ውስጥ ዘልቆ፣ ገመዱ በተሳበ ቁጥር እንዲገዘግዘው ተደርጎ የተተከለ ይመስል ነበር። በካቻቢቴ ፈትቼ መንጠቆውንም አብሬ አነሣሁትና ቀዳዳውን በቴፕ ለጠፍኩት። ብሎኑን ኪሴ ውስጥ ስከተው እጄ ላይ ከብዶኝ ነበር።

አሁን የቀረን ሌላ ችግር ነው፤ አዲሱን ጎትቶ ምሰሶው ውስጥ የሚያስገባልን ገመድ የለም። "ለባለሙያ እንደውል" አለ ተክለአብ። እትዬ ሉቺያ ቦርሳቸውን ከፈቱና እንደ መቁጠሪያ ጥቃቅን የእርሳስ ማዕድን ጠጠር የተደረደረበት ክር አወጡ።

"መጋረጃ ከታች እንዳይውለበለብ ጫፉ ውስጥ የሚሰፋ ነው" አሉ። "ትናንት አንተ ከወጣህ በኋላ ሳስበው ነበር እዮብ። ከባድ ነው፣ ግን ይተጣጠፋል።"

ጠንካራ ሲባጎ አሰርንበትና ከአናቱ በኩል ከተትነው። እኔና ተክለአብ አናቱን ከትከሻችን በላይ ስናነሣው እርሳሱ ሽርርር እያለ ቧንቧው ውስጥ ሲወርድ ተሰማን። እሳቸው እግሩ ጋ የኪሮሽ መርፌያቸውን በስንጥቋ አስገብተው ይጠብቃሉ። መጀመሪያ አልፏቸው ሄደ። ሁለተኛ ጊዜ ያዙት፤ ደስ ብሎን ልንስበው ስንል አስቆሙን።

"ያኛውን ገመድ አንቀሳቅሱት እስቲ።"

የፊተኛውን ሸራ ገመድ ማለታቸው ነው። ስናንቀሳቅሰው ሲባጎው አብሮ ተንቀሳቀሰ፤ ተጠምጥሞበታል ማለት ነው። እንዲያ ትተነው ብንሄድ ኖሮ ሁለቱም ሸራዎች ውሃ መሀል ይያዙብን ነበር። አውጥተን እንደገና ጀመርን። በአራተኛው ሙከራ፣ የፊተኛውን ገመድ ወጥረን ይዘን፣ ሲባጎው ብቻውን ወረደ። አዲሱን ገመድ ሰፉበት፤ በዚህኛው ግን ተክለአብ ሊስብ ሲመጣ "አንተ ራቅ በል" ብለው ራሳቸው ሳቡት። ስፌቱ በስንጥቋ ብቅ ሲል "መጣ!" ብለው እንደ ሕፃን ሳቁ።

ተክለአብ አንገቱን አከከ። "እትዬ፣ ስፌትዎን ስላማሁት ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

"እኔም ለአፍታ ጠርጥሬው ነበር" አሉ። "ገመድ ሰፍቼ አላውቅማ።"

ምሰሶውን አቁመን ሸራውን ስናስር ከሰዓት በኋላ ሆኗል። መጀመሪያ የሚስቡት እሳቸው እንዲሆኑ ገመዱን ሰጠኋቸው። እጅ በእጅ እየቀያየሩ ሳቡት፤ ሸራው እየተርገበገበ ያለ ምንም መያዝ አናቱ ድረስ ወጣ። እኔ ይበቃቸዋል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ተክለአብ የለበሰውን ላይፍ ጃኬት እየነኩ፣ "የእኔ ልክ አለ?" ብለው ጠየቁ።

ተክለአብ የራሱን አውልቆ ሰጣቸውና ዳር ቀረ። እኔ መሪውን ያዝኩ፤ እሳቸው መሀል ላይ ጠርዙን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ተቀመጡ። ጀልባዋ ዘንበል ስትል "ማርያም!" አሉና ወዲያው ለምን እንዳዘነበለች ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ትንሽ ሄደን አቅጣጫ ስንቀይር ንፋሱ ፊታቸውን መታው። ጣታቸውን ምራቅ አስነክተው ወደ ላይ አነሡ።

"ንፋሱ ከዚያ ነው የሚመጣው፤ እኛም ወደዚያው ነው የምንሄደው። እንዴት ይሆናል?"

"በቀጥታ አይደለም፤ በሰያፍ ነው። ሸራው እንደ አውሮፕላን ክንፍ…" ጀመርኩና መሀል ላይ ጠፋብኝ።

"አልገባኝም" አሉ እትዬ ሉቺያ፣ ተመቻችተው እየተቀመጡ። "እንደገና ከመጀመሪያው ንገረኝ።"