ማንን አሸነፋችሁ?

አምና አንድም ጨዋታ ሳንሸነፍ ነው የውድድር ዘመኑን የጨረስነው። ዌንደል እባላለሁ፤ የቲልማን ኮሌጅ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን የተከላካዮች አሰልጣኝ ነኝ፤ ኳሱ በእጅ ተይዞ የሚሮጥበት ጨዋታ ማለቴ ነው። ኦሃዮ ወንዝ ዳር ባለችው ከተማችን እንደዚያ ያለ ዓመት ታይቶ አይታወቅም። ለሻምፒዮናው የሚያልፉትን አራት ቡድኖች የሚመርጠው ኮሚቴ ግን ገሸሽ አደረገን። ሰብሳቢው በቴሌቪዥን ቀርቦ ክራቫቱን እያስተካከለ «ቲልማን ጎበዝ ነው። ግን ማንን አሸነፈ? ከምድቡ ውጪ ከጠንካራ ቡድን ጋር ይግጠምና እናየዋለን» አለ።

ጉድ የሠራችን ያቺ «እናየዋለን» ናት።

ዋናው አሰልጣኛችን ኦርቪል ስታምፐር ቃሉን የሚጠብቅ ሰው ነው፤ ሌላውም የሚጠብቅ ይመስለዋል። በማግስቱ፣ ከምድባችን ውጪ ተጋጣሚ የምትፈልግልን የስፖርት ክፍሉ ኃላፊ ግሌንዳ ፕሩት ቢሮ ገባ። እኔም ተከተልኩት።

«ጠንካራ ቡድን ፈልጊልኝ» አላት።

«ኦርቪል፣ አብደሃል እንዴ? እንደ ሰዉ ሁለት ሦስት ደካማ ጠርተን፣ ቀጥቅጠን እንሸኛለን። ሁሉም የሚያደርገው ይህንኑ ነው።»

«ሰውዬው ያለውን አልሰማሽም?»

«ሰምቼዋለሁ። የማላምነውም ስለሰማሁት ነው።»

ኦርቪል ሙጭጭ አለ። ግሌንዳም እያጉረመረመች ትልልቆቹን ሁሉ ለመነች። እኛ ሜዳ ማን ይምጣ? ቢያሸንፉን ክብር የለው፣ ብናሸንፋቸው ውርደት። በመጨረሻ ብራክስተን ዩኒቨርሲቲ እሺ አለ፤ በራሱ ሜዳ፣ ያውም የቀድሞ ተማሪዎቹ በሚመለሱበት በዓል ቀን። ለዚያ በዓል የሚጠራ ቡድን ለምን እንደሚጠራ እዚህ አገር ሕፃን ልጅም ያውቃል። ሽማግሌዎቹ ከያሉበት መጥተው፣ ጠብሰው፣ ጠጥተው፣ ድል አይተው ወደ ቤታቸው እንዲሄዱ ነው። እኛ የበዓሉ በግ ነን።

አምበላችን ታይረስ ቦግስ ኳስ አቀባይ ነው፤ አራተኛና የመጨረሻ ዓመቱ ስለሆነ ቡድኑ ዘንድሮ ካላለፈ ሌላ ዕድል የለውም። ነገሩን ሲሰማ ወደ ጓደኞቹ ዞረና «በጉ ቀንድ እንዳለው አልነገሯቸውም» ብሎ አሳቃቸው።

ቀንድስ ነበረን። አውቶቡሳችን ስታዲየሙ ደጃፍ ሲደርስ የከሰል መጥበሻቸውን የከበቡት ሽማግሌዎች «እናንተ ልጆች፣ እናቶቻችሁ እዚህ መምጣታችሁን ያውቃሉ?» እያሉ ሲያላግጡብን ነበር። ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ድምፃቸው ጠፋ። እየመራን ነበራ! ከዚያ አንድ ግንድ የሚያህል ልጃቸው ታይረስ ላይ ወደቀና ትከሻው ወለቀ። ሐኪሙ መለሰለት፤ እሱም አልቀመጥም ብሎ ጥርሱን ነክሶ ገባ። እነሱ ግን ደረሱብንና በአንድ ነጥብ ቀደሙን። የመጨረሻዋ ምታችን የጎሉን ብረት መትታ ተመለሰች፤ ጨዋታውም አለቀ።

ስንወጣ እነዚያው ሽማግሌዎች ቆመው አጨበጨቡልን።

«ኮች፣ ይሄ ይቆጠርልናል?» አለኝ ታይረስ።

«እንዴት አይቆጠርም!» አልኩት። አምኜ ነው ያልኩት።

ከዚያ በኋላ የገጠመንን ሁሉ አሸነፍን። ታይረስ በትከሻው የተነሳ ከእያንዳንዱ ጨዋታ በኋላ ማሊያውን የሚያወልቅለት ሰው እየፈለገ ዘመኑን ጨረሰ። ብራክስተን ሁለት ጊዜ ተሸነፈ።

ምርጫው በሚነገርበት እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አዳራሻችን ተሰበሰብን። እናቶች የተጠበሰ ዶሮና ማካሮኒ በአይብ ይዘው መጡ። የቴሌቪዥን ሰዎችም ካሜራቸውን ደቅነዋል፤ ብንስቅም ብናለቅስም ለእነሱ ገበያ ነው።

አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ የተባሉት የጠበቅናቸው ናቸው። አራተኛው ብራክስተን ሆነ።

ሰብሳቢው ያንኑ ክራቫቱን እየነካካ «ቲልማን ደህና ቡድን ነው፤ ነገር ግን ትልቅ ቡድን ሲገጥመው ተሸነፈ» አለ።

ጋዜጠኛዋ «ብራክስተንስ ሁለቴ ተሸንፎ የለም?» አለችው።

«ከእነማን ጋር እንደተጫወተ ተመልከቺ እንጂ! ከምድቡ ውጪ ያሸነፋቸውን ጠንካራ ቡድኖች እዪ። ለምሳሌ ቲልማንን።»

አንዲት እናት «ምን አለ? ምን አለ እሱ ሰውዬ?» ብላ ጮኸች። አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ ይባላል። ይሄኛው ጅብ ግን አምና አንድ ምክንያት፣ ዘንድሮ ሌላ ምክንያት ፈጥሮ በላን፤ ሲበቃው አጥንታችንን ለራሱ ምስክር አደረገው። ደሜ ፈላ። እስካሁንም አልበረደም።

ካሜራ የያዘው ወደ ታይረስ ተጠጋና «ወንድሜ፣ እስቲ ስሜትህን ንገረን» አለው።

«ምን ስሜት አለው? አልፈናል እኮ። ብራክስተን ሆድ ውስጥ ሆነን አልፈናል።»

ኦርቪል ወንበሩን ገፍቶ ተነሳና ግሌንዳ አጠገብ ሄደ። በአንድ ቀን ያረጀ መሰለኝ።

«ለመጪው ዓመት ደካማ ፈልጊልኝ» አላት። «ያገኘሽውን ደካማ ሁሉ።»

«ደካሞቹን ጠይቄያለሁ፤ ብራክስተንን እንደዚያ ካስጨነቀ ቡድን ጋር ምን አገናኘን አሉኝ። እሺ ያለኝ አንድ ብቻ ነው።»

«ማን?»

ግሌንዳ ዓይኑን ማየት አልቻለችም። «ብራክስተን። ሽማግሌዎቻችን ወደዋችኋል፣ ለበዓላችን ተመለሱልን ይላሉ።»

ሌላ ማን አለን? እሺ አልናቸው።