አፍዎን ብቻ ይክፈቱ

ኒካኖራ ቹቬ በመምህር አርሴኒዮ ላይ ቂም የያዘችው እናቷ በሞቱ በዓመቱ፣ በቅዱስ ካሊስቶ በዓል ዋዜማ ነው። የመዘምራኑ ልምምድ አልቆ ሰው ሁሉ ወንበሩን ሲያነሳ መምህሩ ወደ ጥግ ወሰዳትና፣ መርዶ እንደሚያረዳ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ዶኛ ኒካኖራ፣ ነገ ሲዘመር እርስዎ አፍዎን ብቻ ይክፈቱ» አላት።

«አፌን ከፍቼስ?»

«በቃ። እንደሚዘምር ሰው ይክፈቱ፣ ይዝጉ። ድምፁን ሌሎቹ ያወጡታል። ለማንም አይንገሩ ታዲያ፤ ለክብርዎ ብዬ ነው።»

ከዚያ ወዲያ ያንን ክብሯን እንደ ትኩስ ድንች አፏ ውስጥ ይዛ ኖረች፤ አትውጠው፣ አትተፋው። በየበዓሉ ነጭ ቀሚሷን ትለብሳለች፣ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ትቆማለች፣ ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። ቤቷ ስትመለስ በካሳቫ ዱቄትና በአይብ የምትጋግረውን ዳቦ ወደ ጭቃው ምድጃ እየከተተች ለብቻዋ ታዜማለች። የጎረቤቱ ውሻ እንኳ ተነስቶባት አያውቅም። ታዲያ ምኑ ነው የከፋው?

ትተወው እንዳይባል፣ በሳን ካሊስቶ ከተማ የመዘምራን ቦታ እንደ ርስት ከእናት ለልጅ የሚተላለፍ ነው። የልቧ ነገር ግን ሌላ ነበር። እዚህ አገር ዘማሪ ሲሞት ጓደኞቹ እስከ መቃብሩ ይሸኙትና የስንብቱን መዝሙር ያዜሙለታል። የመጀመሪያው አንጓ ላይ ከሟቹ ጋር አንድ ዓይነት ድምፅ የሚያዜሙት ሁሉ ዝም ይላሉ፤ ምን እንደጎደለ ሕዝቡ በጆሮው እንዲሰማው ነው። እናቷ ፔትሮና ሁለተኛ ድምፅ ነበሩ። የተቀበሩ ቀን መዝሙሩ መሃሉ ክፍት ሆኖ ተሰማ፣ እንደ ወለቀ ጥርስ። የገበያ ሴቶች ሳይቀሩ «ይኸውና የፔትሮና ቦታ» ብለው አለቀሱ።

ኒካኖራ ከዚህ ዓለም የምትፈልገው ይህችን አንዲት ጉድለት ነበር። እሷ ስትሞት ግን ምን ሊጎድል ነው? ለእሷ ብለው ዝም ቢሉ የሚጎድለው የእነሱ ድምፅ ነው እንጂ የእሷ አይደለም። አፍ ከፍቶ የመዝጋትን ጉድለት ማን ይሰማዋል?

መምህር አርሴኒዮ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ማሳነስ የሚወድ ሰው ነበር። ሹካ የምትመስለውን የድምፅ መቃኛ ብረት ጉልበቱ ላይ መታ ያደርግና ጥርሱ ላይ አስደግፎ ዓይኑን ይጨፍናል። ከዚያ እያንዳንዱን ድምፅ ለየብቻ እያዜመ ይሰጣል። ወለሉ ላይ በጀርባቸው አስተኝቶ ሆዳቸው ላይ የጸሎት መጽሐፍ ያስቀምጥላቸዋል። «መጽሐፉ ይነሳ፣ መጽሐፉ ይውረድ፤ ትከሻ እንዳይነቃነቅ» ይላል። ቀኝ እጁ መዝሙሩን ሲመራ ግራ እጁ ሁልጊዜ ወደ ታች ትጫናለች። «ቀስ። ቀስ። ከዚህም ያነሰ።»

«ቄሱማ ገና አልመጡም» ይላሉ ዶን ሴቬሪኖ ከኋላ ረድፍ።

ዶን ሴቬሪኖ ወፍራም ድምፅ ናቸው፤ እንደ ጥጃ እናት የሚያገሱ፣ ጆሯቸው የደከመ አናጢ። መምህሩ እሳቸውንም ስንት ጊዜ ወደዚያው ጥግ ወስዶ አንሾካሹኮላቸዋል። እሳቸውም እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ያዳምጡና፣ «ደህና ነች፣ ሰላም ብላሃለች» ብለው ይመለሳሉ። ስለ ሚስታቸው የጠየቃቸው እየመሰላቸው ነው።

ከሁሉ የከፋው የሻማው ልምምድ ነበር። እያንዳንዱ ዘማሪ አንድ ስንዝር ከአፉ አርቆ ሻማ ይይዝና «ኡ» እያለ ያዜማል፤ ነበልባሉ ከተጎነበሰ እስትንፋሱ ባክኗል ማለት ነው። ድሮ ድሮ ነበልባሉ ሁሉ ሲደንስ፣ ሰሙ ቀሚስ ላይ ሲንጠባጠብ ነበር የሚያመሸው። በየዓመቱ ግን አንድ በአንድ ቀጥ እያለ መጣ። የኒካኖራማ እንደ ሚስማር ቆመ።

«የዶኛ ኒካኖራን ሻማ እዩ» አለ መምህሩ አንድ ቀን፤ ማንን ምን እንዳለ ጭራሽ ረስቶታል። «እስትንፋስን መግዛት ማለት ይሄ ነው። ከእሳቸው ተማሩ።»

ኒካኖራ ሻማውን በጥርሷ ልትነክሰው ምንም አልቀራት።

በመጨረሻ የሁሉም ሻማ ቀጥ ሲል የዶን ሴቬሪኖ ብቻ ይጠፋ ነበር። የኒካኖራ አበልጅ ዴልፊና፣ የአንደኛ ድምፆች አውራ፣ ከራሷ ሻማ ታቀጣጥልላቸውና ትለክፋቸዋለች።

«ዶን ሴቬሪኖ፣ መዝሙር ነው ወይስ ከሰል እያራገቡ ነው?»

«ልጄ፣ የጠፋ እንደሆነ ይበራል» ይላሉ እሳቸው፣ ምን እንደተባሉ ሳያውቁ።

ኒካኖራ አንድ ጊዜ ግራ ገብቷት፣ «አበልጄ፣ ስንዘምር ከቤተ ክርስቲያኑ ኦርጋንና ከዶን ሴቬሪኖ ሌላ ምንም አይሰማኝም። ጆሮዬ ይሆን?» ብላ ዴልፊናን ጠይቃት ነበር።

ዴልፊና ዓይኗን ወደ ግቢው ማንጎ ዛፍ አሸሸች። «ጥበቡ እኮ እሱ ነው። አለስልሰን ነው የምንዘምረው።»

ከጎረቤት ከተማ የሚመጣው እንግዳም፣ «እንደ አንድ ሰው ነው የሚዘምሩት» እያለ አድንቆ ይሄድ ነበር።

እንዲህ እንዳለ ዶን ሴቬሪኖ ምሳቸውን በልተው፣ በሁለት ዛፎች መካከል በታሰረው የመረብ አልጋቸው ላይ ጋደም እንዳሉ፣ አፋቸውን ከፍተው ሞቱ። ሚስታቸው ዶኛ ቶማሳ ለቅሶ ቤት የመጡትን መዘምራን አንድ በአንድ አቅፈው፣ «ደህና አድርጋችሁ ዘምሩለት። ሌላውን ሁሉ መስማት ሲያቅተው መዝሙሩን በደረቱ ይሰማው ነበር» አሏቸው። ኒካኖራ እሺ አለች። አፏን ደህና አድርጋ ልትከፍት ነው እንግዲህ።

ኦርጋን ወደ መቃብር ቦታ አይወሰድም። ቀዩ አቧራ ላይ፣ ግንዱ እንደ ሆድ ባበጠው የቶቦሮቺ ዛፍ ጥላ ሥር ቆሙ። በሳጥኑ ራስጌ አንድ ሻማ በርቷል። መምህሩ ብረቱን መታ፣ ጥርሱ ላይ አስደገፈ፣ እጁን አነሳ። ሁሉም አንድ ላይ አየር ሳቡ፤ አንድም ትከሻ አልተነቃነቀም።

የመጀመሪያው አንጓ ተጀመረ፤ ወፍራም ድምፆቹ ዝም የሚሉበት። ዝም አሉ። ሌሎቹም እንደ ኩሬ ዓሣ አፋቸውን እየከፈቱ ዘጉ። ዝንብ ሲበር ይሰማል።

ሕዝቡ ባርኔጣውን አወለቀ።

«እንዲህ ያለ ጉድለት ሰምቼ አላውቅም» አለ አንዱ እንባውን እየጠረገ።

«የዶን ሴቬሪኖ ቦታ ይሄን ያህል ሰፊ ኖሯል ለካ» አለ ሌላው።

ሁለተኛው አንጓ ሁሉም የሚገባበት ነው። መምህሩ ወደ ወፍራሞቹ ዞሮ ምልክት ሰጠ። ሁሉም ገቡ። አሁንም ዝንቡ ብቻ ነው።

ኒካኖራ አፏን እንደከፈተች ዓይኗን ወደ ጎን ወረወረች። የዴልፊና አፍ እንደ ምድጃ በር ተበርግዷል፤ ጉሮሮዋ ግን አይንቀሳቀስም።

«አበልጄ» አለች ኒካኖራ በሹክሹክታ፣ «ለምንድን ነው ዝም ያልሽው?»

«አንቺስ?»

«እኔማ ተከልክያለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«እናቴ በሞቱ በዓመቱ።»

«እኔ ከዚያም በፊት ነው» አለች ዴልፊና። «ለማንም እንዳትነግሪ ብሎኝ ባሌም አያውቅም።»

ሥጋ ሻጩ አንሴልሞ ከኋላቸው አንገቱን አሰገገ። «እናንተም ናችሁ እንዴ? እኔ ብቻዬን መስሎኝ ይሄን ሁሉ ዓመት ሳፍር ነው የኖርኩት።»

ሹክሹክታው በረድፉ እንደ ቅማል ተላለፈ። እኔም፣ እኔም፣ እኔም። መምህር አርሴኒዮ ቀኝ እጁ ሳያቆም ከንፈሩ አመድ መሰለ። ወደ ረድፉ ጠጋ ብሎ፣ «ማነው የሚዘምረው?» አለ።

«እርስዎ ይንገሩን እንጂ» አለች ኒካኖራ።

«ለሁላችሁም ነግሬያችኋለሁ ማለት ነው?»

«እንደዚያ ይመስላል።»

«ለዶን ሴቬሪኖም ነግሬያቸው ነበር እኮ።»

«እሳቸው አልሰሙም» አለች ዴልፊና።

ዶኛ ቶማሳ ጥቁር ነጠላቸውን እየሰበሰቡ ብቅ አሉ። «መምህር፣ ባሌን በዝምታ ልትሸኙት ነው? የዝምታው አንጓ አልፏል። እሱ ዝም ያለ ሰው አልነበረም።»

የመምህሩ ቀኝ እጅ ብቻ ትመራለች፣ ማንንም ሳትመራ።

ኒካኖራ ሳጥኑን አየችው። ይህ ሰው ስላልሰማ ብቻ ዘምሮ ሞተ፤ ሲሞትም ጎደለ። እኔ ስለሰማሁ ይኸው ቆሜ አፍ እከፍታለሁ፣ ነገም በእኔ መቃብር ላይ እነዚሁ ቆመው አፋቸውን ይከፍቱብኛል አለች በልቧ። የሚጎድል ነገር እንዲኖራት መጀመሪያ መኖር አለበት።

ዘመረች።

የምታውቀው የእናቷን ሁለተኛ ድምፅ ነው። በዚያ መዝሙር ሁለተኛ ድምፅ ማለት ደግሞ ከዳር እስከ ዳር አንዲት ኖታ ናት፤ ወንዝ መሃል ቆማ አልሻገርም እንዳለች አህያ አትነቃነቅም። ዜማውን ተሸክመው ይዞሩ የነበሩት ሌሎቹ ናቸው፤ አሁን ሌሎች የሉም። ዘይት እንዳልነካው የበር ማጠፊያ ያለች ያቺ አንዲት ድምፅ በመቃብሩ ላይ ተዘረጋች። ርቆ የተኛ ውሻ ተነስቶ ጮኸ። ቦታዋ ትክክል ትሁን አትሁን ኒካኖራ አላወቀችም፤ ለማወቅም አላቆመችም።

የመምህሩ ግራ እጅ፣ ከልማዷ፣ ወደ ታች ተጫነች። ቀስ። ያነሰ።

ኒካኖራ ከረድፏ ወጣች። ድምፁን ሳትለቅ፣ ሊጥ በማሸት በጠነከረ እጇ ያንን ግራ እጅ ያዘች፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፈች፣ ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ወደ ሳጥኑ ዞራ ቀጠለች።

ሦስተኛው አንጓ ላይ ዴልፊና ገባች፣ ከሚገባው በጣም ከፍ ብላ። አንሴልሞ ደግሞ የትኛው አንጓ እንደሆነ ሳያውቅ ገባ። በራስጌ ያለው ሻማ ከግራ ወደ ቀኝ ተወዛወዘና ጠፋ። አንዱ ክብሪት ሊጭር ሲል ዶኛ ቶማሳ እጁን ያዙት።

«ተወው» አሉ። «እሱም እንዲሁ ነበር የሚያጠፋው።»

ኒካኖራ አየር ሳበች። ትከሻዋ እስከ ጆሮዋ ድረስ ተነሳ። ያቺኑ ኖታ እንደገና ያዘቻት።